በዳይ የሌለው ጠብ

ሐምሌ በደብረ ብርሃን ለማንም አይራራም፤ ከቆላ ለመጣ ሰው ደግሞ ይብስበታል። በዚያ ማክሰኞ ጠዋት መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ ወደ ደነባ የሚሄድ ዘመዴን ስሸኝ፣ ከአንኮበር የመጣው ሚኒባስ ሰዎቹን አራገፈ። ከመጨረሻው ወንበር በሽርጥ ላይ ስስ ኮት የደረቡ፣ ነጭ ኮፍያ ያጠለቁ ሽማግሌ ወረዱ። ብርዱ እያንቀጠቀጣቸው እንኳ ቀጥ ብለው ነው የሚቆሙት። በአቋቋማቸው አወቅኋቸው፤ የአሊዩ አምባው አቶ ፈረጅ ነበሩ።

አንባቢ እንዲያውቃቸው ጥቂት ልበል። እኔ የአንኮበር ተወላጅ ስሆን ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአስተማሪነት ኖሬአለሁ፤ በወጣትነቴ ያስተማርኩት አሊዩ አምባ ነው። በዚያ አገር ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማቾች በመሬት ሲካሰሱ፣ ነጋዴ ከነጋዴ ሲኮራረፍ መጀመሪያ የሚጠሩት አቶ ፈረጅ ናቸው። እጅ መንሻ አይቀበሉም፣ አይቸኩሉም፣ አንድ ነገር ከያዙ አይለቁም። በዳኝነት ወንበር የተቀመጡ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ፤ የእሳቸውን ያህል ያከበርኩት ጥቂት ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች የምጽፈው እሳቸውን ለማሳነስ እንዳይመስል ነው።

«መምህር ገብረአማኑኤል፣ ያገናኘን አላህ ነው» አሉ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው። ጤናዬን፣ ባለቤቴን፣ ልጆቼን አንድ በአንድ ጠየቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና «አንቱ ከተማውን ያውቁታል፤ አንድ ቤት ያሳዩኝ» አሉኝ።

«የምን ቤት ይሆን?»

«ትዳር የሚያፈርሱበት ቤት።»

ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር፤ ፊታቸውን አይቼ ተውኩት። ጠያይቄ ስረዳ የሚፈልጉት ከጤና ጣቢያው ጀርባ ያለውን የቤተሰብ ምክርና ድጋፍ ማኅበር ነው። እኔ ደግሞ የማኅበሩ አባል ነኝ፤ መዋጮዬን እከፍላለሁ፣ በስብሰባም ላይ ከሚገባው በላይ እናገራለሁ። ቆሽቴ አረረ። ግን እሳቸውን የመሰለ ሰው እንዲህ ካለ ምክንያት ይኖረዋል ብዬ ባጃጅ ጠራሁና አብረን ተሳፈርን።

በመንገድ ላይ ነገሩን አጫወቱኝ። የመጨረሻ ልጃቸው ሰሊሃ የአገሯን ልጅ ታጁን አግብታ እዚሁ ደብረ ብርሃን ትኖራለች፤ እሱ ፋብሪካ ተቀጥሮ ይሠራል። ባለፈው ዓመት ሰሊሃ ቤቷን ጥላ አሊዩ አምባ አባቷ ዘንድ ወረደች። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ታጁ ጥፋቱን አመነ፤ ልብስ ክሶ ወሰዳት። ጥቂት ወራት ቆይታ ተመልሳ መጣች። እንደገና ተቀመጡ፤ ታጁ እንደገና አመነ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ፍየል አርዶ፣ ዋስ ጠርቶ ወሰዳት።

«ሁለቱንም ጊዜ የዳኘሁት እኔ ነኝ» አሉ አቶ ፈረጅ። «አሁን ደግሞ በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነው እንደማይነጋገሩ፣ እሷም እዚህ ቤት እንደምትመላለስ ሰው ነገረኝ። ለቅዳሜ ሽማግሌ ጠራሁ። ታጁ ምን ብሎ ላከብኝ መሰለዎ? ‹ሦስተኛ ካስቀመጣችሁኝ እፈታታለሁ።› እንግዲህ ‹ባሏ ፈታት› ከሚባል ‹አባቷ ወሰዳት› ቢባል ይሻላል። ዛሬውኑ ይዣት እወርዳለሁ።»

«ለመሆኑ ጠቡ መቼ ጀመረ?»

«የበኩሯን ልትወልድ እኔ ቤት መጥታ ነበር፣ እንደ ወጉ። ሕፃኗ ሕይወት ሳይኖራት ተወለደች። ከዚያ ወዲህ ነው። ግን እሱ የአላህ ሥራ ነው፤ ቀብረን፣ ዱዓ አድርገን ጨርሰናል። ሰው በዚያ አይጣላም።»

መልሱን ራሳቸው ተናግረው ራሳቸው አለፉት። አንድ ነገር ልላቸው አፌን ስከፍት ባጃጁ ከማኅበሩ በር ደረሰ።

አማካሪዋ ፋሲካ ትባላለች። ሥነ ልቦና የተማረች፣ ሥራ ይዛ ከአዳማ የመጣች ወጣት ናት። ብድግ ብላ ተቀበለችን፤ የአቶ ፈረጅን መንቀጥቀጥ አይታ ወፍራም ብርድ ልብስ አመጣችና ትከሻቸው ላይ ደረበችላቸው። አመሰገኑ፤ ነገር ግን በብርድ ልብስ የሚለዝቡ ሰው አልነበሩም።

«ልጄ ሰሊሃ እዚህ ትመጣለች አሉኝ» ብለው ጀመሩ።

«አባቴ፣ እዚህ ማን እንደሚመጣና እንደማይመጣ ለማንም አንናገርም።»

«እኔ ማንም አይደለሁም። አባቷ ነኝ።»

«አይቀየሙኝ። እርስዎም ስለ ራስዎ አንድ ነገር ቢያጫውቱኝ ለልጅዎ አልነግራትም።»

አቶ ፈረጅ አተኩረው አዩዋት። በሽምግልና ላይ እንደሚያደርጉት ከሩቅ ተነሡ።

«አግብተሻል ልጄ?»

«አላገባሁም።»

«ወልደሻል?»

«አልወለድኩም።»

«አገሩንም አታውቂውም። ታዲያ በምን አፍሽ ነው ባለትዳር የምትመክሪ?»

ልጅቱ ትደነግጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር። «ጥሩ ጠየቁኝ» አለች በእርጋታ። «እኔ ትዳር አላስተምርም። ቤታቸውን ከእኔ ይልቅ ባልና ሚስቱ ያውቁታል። የተማርኩት መጠየቅና ማዳመጥ ነው፤ ሰው ሲያዝን፣ ሲፈራ፣ ሲናደድ ምን እንደሚሆን ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው ሳያቋርጠው እንዲሰማው አደርጋለሁ። አገሩን አለማወቄም አንዳንዴ ይጠቅማል፤ የሚስትም የባልም ወገን አይደለሁም።»

«የሚጎዳውስ እሱ አይደለም?» አሉ አቶ ፈረጅ። «እኔ ያስታረቅሁትን ሰው ነገ ገበያ አገኘዋለሁ፤ ከነገ ወዲያ ለቅሶ ላይ አብረን እንቀመጣለን። ቃሉን ካፈረሰ በሩን አንኳኳለሁ። እናንተ ከውጭ የሚላክላችሁ ገንዘብ ሲቋረጥ ዘግታችሁ ትሄዳላችሁ። በሌላ ከተማ እንዲህ ያለ ቤት ተከፍቶ እንደነበር፣ ኋላም ሰዎቹ ቁልፍ አስረክበው እንደሄዱ ሰምቻለሁ። መርዳት የጀመሩትን ሰው ለማን ተዉት?»

ይህ ውሃ የሚያነሳ ነገር ነበር። ፋሲካም አላስተባበለችም። «ሜዳ ላይ ነው የተዉት፤ እውነትዎን ነው» አለች። «እኛም የከተማውን ሰው መዋጮ የምንጠይቀው፣ ከጤና ጣቢያውና ከቀበሌው ጋር የምንሠራው ያ እንዳይደርስብን ነው። ቢሆንም እርስዎ እንዳሉት እኛ በር ማንኳኳት አንችልም። ለዚያ እንደ እርስዎ ያለ ሰው ያስፈልገናል።»

እዚህ ላይ እኔ ዝም ማለት አቃተኝ። ማኅበሩ የመጠጥ ሱስ ቤቱን የበተነበትን ሰው እንዴት እንደደገፈ፣ አርግዛ የተከዳችውን የፋብሪካ ሠራተኛ ከወላጆቿ ጋር እንዴት እንዳገናኘ፣ ጎረምሳ ልጃቸው ያስቸገራቸው እናትና አባት ያለ አንዳች ክፍያ እንደሚስተናገዱ እንደ ክፍል ውስጥ ትምህርት ማስረዳት ጀመርኩ። አቶ ፈረጅ እጃቸውን አነሡ።

«መምህር፣ አንቱን አልጠየቅኩም» አሉ በትሕትና። ፋሲካ ፈገግታዋን ደበቀች።

«እኔም አንድ ልጠይቅዎት አባቴ» አለች። «ለሽምግልና ስትቀመጡ መጀመሪያ የምትጠይቁት ምንድን ነው?»

«ማን ማንን በደለ? ብለን ነው።»

«በዳይ ባይገኝስ?»

«ሳይበደል የሚጣላ የለም። ፈልገን እናገኘዋለን።»

«እኛ ደግሞ ‹ምን ሆናችሁ?› ብለን እንጀምራለን። በእርግጥ በዳይ ያለበት ቤት አለ። ባሏ የሚደበድባት ሴት ስትመጣ ታገሽ ብለን አንመልሳትም፤ ከነልጆቿ የምታርፍበት ቦታ እንፈልግላታለን፣ ነገሩም ወደ ሕግ ይሄዳል። ሌላው ቤት ግን የሚናጋው በሕመም፣ በሐዘን ወይም ሥራ በማጣት ነው። እዚያ ቤት ውስጥ በዳይ ከፈለጋችሁ ታገኛላችሁ። የምታገኙት ግን ያልበደለ ሰው ነው።»

የአቶ ፈረጅ ፊት ጠቆረ። «አማቼ በሰው ፊት፣ በገዛ አፉ ጥፋተኛ ነኝ ብሏል» አሉ። «ይኸን ተይው። ገበና የሚባል ነገር አለ። የቤት ጉድ ለባዕድ አይዘረገፍም። አንቺ ዘንድ የተወራው ነገ ከተማውን እንዳይዞር ዋስሽ ማን ነው?»

ፋሲካ ከመመለሷ በፊት በሩ ተንኳኳ። በአንድ ጃንጥላ ሥር ተጠግተው ሁለት ሰዎች ገቡ፤ ሰሊሃና ታጁ ነበሩ። ሰሊሃ ከስታለች፤ በልጅነቷ የማውቃት ልጅ ናት ለማለት ተቸገርኩ። አቶ ፈረጅ ብርድ ልብሱን ጥለው ተነሡ።

«አብራችሁ ነው የምትመጡት?»

«መጀመሪያ የመጣሁት እኔ ነኝ አባ» አለ ታጁ አንገቱን ደፍቶ። «እሷን ኋላ ነው ያመጣኋት።»

አቶ ፈረጅ ለእሱ ሳይመልሱ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሰሊሃ፣ ልወስድሽ ነው የመጣሁ።»

«አልሄድም አባ።» ድምጿ ቀጭን ነበር፤ ግን አልተንቀጠቀጠም። «መጀመሪያ ይስሙኝ። እስክጨርስም አይናገሩ።»

ሰው እንዲህ ሲላቸው ሰምቼ አላውቅም። ፋሲካ ታጁንም አባቷ ቢቀመጡ ይስማማ እንደሆነ ጠየቀችው፤ ራሱን ነቅንቆ እሺ አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ውጭ ይጠብቁን።»

«እኔ?»

«እርስዎ።»

«የማኅበሩ አባል መሆኔን...»

«አውቃለሁ መምህር። ገበናው ግን የእነሱ ነው።»

ባርኔጣዬን አንሥቼ ወጣሁ። አልዋሽም፣ ተናድጄ ነበር። በሩን ስዘጋ አቶ ፈረጅ በዓይናቸው ሲከተሉኝ አየሁ። የዋስ ጥያቄያቸው የተመለሰው በዚያች ደቂቃ እንደሆነ የነገሩኝ ኋላ ነው፤ «እኛ ዛፍ ሥር ስናስታርቅ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ይሰማል፤ እሷ አንቱን የመሰለ ሰው አስወጣች» አሉኝ።

ከመንገዱ ማዶ ካለች ሻይ ቤት ተቀመጥኩ። ዝናቡ መጥቶ ሄደ፣ እንደገና መጣ። እኔም በልቤ ከፋሲካ ጋር ስከራከር ቆየሁና በመጨረሻ ልክ ነች አልኩ። አቶ ፈረጅ ብቻቸውን ወጥተው መጡና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ሻይ አዘዝኩላቸው፤ አልነኩትም።

«‹ለመምህሩም ይንገሩ፣ አሊዩ አምባም ይንገሩ› ብላኛለች ሰሊሃ፤ እሷ ባትፈቅድ አልነግርዎም ነበር» ብለው ጀመሩ። «ሕፃኗን ፊቷን ሳታይ ነው የወሰድንባት። እንዳትጎዳ ብለን ነው። ስታለቅስ ‹አታልቅሺ፣ ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ፣ አላህን አታማሪ› አልናት። ሁላችንም አልናት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። የታጁን ዓይን ማየት ፈራች፤ ጥፋቱ የእሷ ነው የሚል መስሏት። እሱ ደግሞ ጠላችኝ አለ። እሱም አላለቀሰም፤ ወንድ ነዋ። መቃብሩን የቆፈረው ግን እሱ ነበር፤ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ።»

ያልነኩትን ሻይ ወደ ጎን ገፉ።

«‹አባ፣ እርስዎ ዘንድ የመጣሁት ባሌን ልከስ አይደለም፤ ላለቅስ ነው› አለችኝ። ‹እርስዎ ግን ሽማግሌ ጠሩብኝ።› ሁለት ጊዜ ሙሉ፣ መምህር፣ አንድ ቃል አልጠየቅናትም። በእኛ ወግ ለሴቲቱ የሚናገርላት አባቷ ነው። እኔ ተናገርኩላት፤ የማላውቀውን።»

«ታጁስ ያልሠራውን ለምን አመነ?»

«እኔም ጠየቅሁት። ‹አልነካኋትም ብዬ ነበር› አለኝ። እውነቱን ነው፣ ብሎ ነበር። እኛ ነን ‹ሚስት ያልበደላትን ባል ጥላ አትወጣም› ያልነው። ‹እምቢ ብል ሽማግሌ ናቀ ትሉኛላችሁ፤ እሷንም አትመልሱልኝም። አጠፋሁ፣ አፉ በሉኝ አልኩና ይዣት ሄድኩ› አለኝ። ከዚያ ወዲህ አገሩ ሁሉ ‹ሚስቱን የሚደበድበው ታጁ› ይለዋል። አንዳንዱም ጎበዝ እያለ ይስቅለታል። ያስመረረው ይህ ስም ነው እንጂ ሰሊሃ አይደለችም።»

ላጽናናቸው ሞከርኩ። በቅንነት ያደረጉት ነው፣ የአገሩ ወግ ነው አልኳቸው።

«በቅንነት የተፈረደበትም ሰው ተፈርዶበታል» አሉኝ።

ፋሲካ ሰሊሃን ወደ ጤና ጣቢያ ልካት እንደነበር፣ ሐኪሙም ከወሊድ በኋላ እንዲህ ያለ ሕመም እንዳለና እንደሚታከም ነግሯት መድኃኒት እንደጀመረች ነገሩኝ። ሁለቱ በየሳምንቱ እየመጡ ስለ ልጃቸው ይነጋገራሉ፤ ቤታቸው ውስጥ ያልቻሉትን እዚህ ይለማመዱታል። አቶ ፈረጅም ልጃቸውን እንደማይወስዷት ቃል ሰጥተው ነው የወጡት።

«እንግዲህ የቅዳሜው ጉባኤ ቀረ» አልኩ እፎይ ብዬ።

«አይቀርም» አሉ። «ታጁም እሺ ብሏል፤ ይመጣል።»

«እፈታታለሁ ያለው ሰው?»

«የሚከሰሰው እሱ አይደለም። እኔ ነኝ።»

ቅዳሜ አሊዩ አምባ ወረድኩ። እንዲህ ያለውን ነገር ሳላይ መቅረት አልቻልኩም። ሽማግሌዎቹ ከመስጊዱ በታች ካለው ዋርካ ሥር ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ አገሩም እንደ ልማዱ ዙሪያውን ቆሟል። ፋሲካ በእንግድነት መጥታ ከሴቶቹ ጋር ቆማለች። አቶ ፈረጅ ግን ከቦታቸው አልተቀመጡም። ጥፋተኛ የሚቆምበት መካከል ላይ ቆሙ። ሰሊሃና ታጁ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተናገሩ ማለታቸው ነው።

«ይህ ልጅ ሚስቱን አልመታም፣ አልሰደበም» አሉ አቶ ፈረጅ፣ ዳር የቆመው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ልጃቸው ሞታ ሁለቱም አዝነው ነበር። እኛ በዳይ አጣንና እሱን በዳይ አደረግነው። ያስካስነውን ልብስ፣ ያሳረድነውን ፍየል እኔ እክሳለሁ። ስሙን ግን ልክሰው የምችለው እዚሁ በጠፋበት ቦታ ነው። ታጁ፣ አፉ በለኝ።»

ጉባኤው ተንጫጫ። የዕድሜ ጓደኛቸው አቶ ያዕቁብ በቁጣ ተነሡ። «ፈረጅ፣ ምን ነካህ? ነገ የፈረድንበት ሁሉ ተሳስታችኋል እያለ ሲመጣ ማን ይሰማናል? ሽምግልናውን ገደልከው እኮ።»

«የሚሰማን አሁን ነው ያዕቁብ። ስንሳሳት እንደምንመልስ ካየ ያምነናል።»

«እና አሁን ልጆቻችንን ደብረ ብርሃን ላሉ ባዕዶች እናስረክብ?»

«አናስረክብም፤ እነሱንም እዚህ እናመጣለን። የገበያ ቀን ለምክር የሚሆን ክፍል ከእህል መጋዘኔ አጠገብ አጽድቻለሁ። ከዛሬ ወዲያ እኔ በምቀመጥበት ሽምግልና ሴቲቱ ራሷ ትናገራለች፤ ሰው በማይሰማበት ቦታ ትናገራለች። የተደበደበች ከሆነች እኔ ዋስ አልቀበልም፣ ወደ ደብዳቢዋ አልመልሳትም። ሐዘን ወይም ሕመም ከሆነ ለሚያውቁት እንልካታለን። የተስማሙትን ቃል እንዲጠብቁ በራቸውን ማንኳኳት የእኛ ነው፤ ያንን ከእኛ የተሻለ የሚችል የለም። ማኅበሩ አንድ ቀን ቢዘጋ እንኳ መጠየቅን ከተማርን የሚወስድብን የለም። አንተስ ያዕቁብ፣ ቤትህ ውስጥ ተዘግቶባት የምትኖረው የወንድምህ ልጅ ምን ሆና እንደማትወጣ ጠይቀሃታል?»

አቶ ያዕቁብ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ «የገበያ ቀን ስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?» ብለው ፋሲካን ሲጠይቋት በጆሮዬ ሰማሁ።

የለውጡን ጥቅም ላልተቀበለ አንባቢ ዛሬ ያለውን ልናገር። ፋሲካና ባልደረቦቿ በገበያ ቀን አሊዩ አምባ ይወርዳሉ። የአገሩ ሽማግሌዎች ከእነሱ ጋር ተቀምጠው ማዳመጥን ተምረዋል፤ እነሱም ከሽማግሌዎቹ የአገሩን ወግ ተምረዋል። ዱሮ ታርቃ ብቻ ትመለስ የነበረች ሴት አሁን የሚሰማት አላት፤ መከፋቱን ለማንም የማይናገረው ወንድ ደግሞ በሩን ገፍቶ መግባት ጀምሯል። የአቶ ያዕቁብ የወንድም ልጅ ሕክምናዋን ጀምራ ከሰው ጋር መዋል ጀምራለች። የሽማግሌዎቹ ክብር ይቀንሳል የተባለው ሲጨምር እንጂ ሲቀንስ አላየሁም። የቤት ችግር በመደበቅ አይድንም፤ ሚስጥር ጠብቆ ለሚሰማ ሰው በመናገር ግን ብዙው ይድናል። ይህን አምኜ ነው የምጽፈው።

የዚያ ቅዳሜ ነገር ግን ገና አላለቀም። ታጁ ከቆመበት መጥቶ የአማቱን ትከሻ ሳመና «አፉ ብያለሁ አባ፤ ካሳም አልፈልግም» አለ። «አንድ ነገር ብቻ ልለምን። ሰሊሃ ልጃችን የት እንደተቀበረች አታውቅም።»

በአገሩ ልማድ ሴት ወደ መቃብር አትወጣም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ የተቃወመ ግን አልነበረም። አቶ ፈረጅ የልጃቸውን እጅ ያዙና ቁልቁል ወደ መቃብሩ መሩ፤ ታጁ ተከተለ፣ አቶ ያዕቁብ ተከተሉ፣ ከዚያም ጉባኤው ሁሉ ተከተለ። አንዲት ትንሽ የድንጋይ ክምር ዘንድ ሲደርሱ ታጁ ቆመ። ሰሊሃ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አታልቅሺ ያላት ማንም አልነበረም፤ ታጁም አጠገቧ ተቀምጦ አለቀሰ።

ስትጨርስ አቶ ፈረጅ ጎንበስ አሉ። «ስም አውጥታችሁላት ነበር?»

«ሙስሊማ» አለች ሰሊሃ። «ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

አቶ ፈረጅ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓውን ጀመሩ፤ የልጅ ልጃቸውንም በስሟ ጠሩ።